የዘንድሮ ምርጥ መጽሐፋችሁ የቱ ነበር? ከማን ጋርስ አነበባችሁት?

ጋቢ ደራቢው (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ናችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ጳጉሜም ገባች እንግዲህ። ሰው ሁሉ የበግና የዶሮ ዋጋ በሚያወራበት ሰሞን እኔ መጽሐፍ ላንሳ። ዘንድሮ ካነበባችሁት ውስጥ እስካሁን ከጭንቅላታችሁ ያልወጣው የቱ ነው? ደሞ ብቻችሁን ነው ያነበባችሁት ወይስ ከሰው ጋር? ሁለተኛዋን ጥያቄ የጨመርኳት ዝም ብዬ አይደለም፣ እኔ ዘንድሮ ያየሁት ለውጥ ሁሉ ከሷ ስለመጣ ነው።

እዚህ ደብረ ብርሃን ቅዳሜ ማታ ማታ እየተሰበሰብን የምናነብ ሰዎች አለን። ማኅበር ምናምን የሚባል አይደለም፣ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፣ አስተማሪዎች አሉ፣ አንዲት ነርስ አለች፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አባት አሉ፣ እኔ አለሁ። ቤት እየተቀያየርን ነው፣ ተረኛው ሻይ ያፈላል ቆሎ ይቆላል፣ ብርዱን ታውቁት የለ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል ሌላው ያዳምጣል፣ የደከመው መጽሐፉን ለጎኑ ያቀብላል።

ለኔ የዘንድሮ አንደኛ የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ ነው። በ1962 የታተመ መጽሐፍ ነው፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ ስለሱ የምሰማው ከባድ ነው አይገባም ጀምሬ ተውኩት የሚል ወሬ ብቻ ነበር። ግን እኮ ዳኛቸው የደብረ ሲና ልጅ ነው፣ ታሪኩም የሚሆነው እዛው ደብረ ሲና አካባቢ ነው፣ ጣርማ በርን በዋሻው አልፈን ጉሙ ውስጥ ቁልቁል የምንወርድበት፣ መኪና ቆሞ ቆሎ የምንገዛበት አገር ማለት ነው፣ እና የኛን አገር መጽሐፍ እኛ ካላነበብነው ማን ሊያነብልን ነው ተባብለን ጀመርነው።

ምን አየሁ መሰላችሁ፣ በዓይን ሲነበብ የሚያደናቅፈው በጆሮ ሲገባ ይፈታል። መጽሐፉ ንግግር የበዛበት ነው፣ ሰዎቹ ይከራከራሉ፣ ይሟገታሉ፣ ከተማ የተማረው አደፍርስ አንድ ይላል የአገሬው ሰው በራሱ አፍ ይመልስለታል። ያ የአገሬው አነጋገር ነው ብዙውን አንባቢ የሚያባርረው። ጡረተኛው አባታችን ግን የመንዝ ሰው ናቸው፣ የባለርስቷን የወይዘሮ አሰጋሽን ንግግር እሳቸው ሲያነቡት ቃሉን ፈልገው አይደናቀፉም፣ የት ቆም እንደሚባል የት ድምፅ እንደሚነሳ ያውቁታል፣ እኛ በየመሀሉ ይሄ ምን ማለት ነው ማለት ተውን። አንዴ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው "እኔ ይችን ሴት አውቃታለሁ፣ ስሟ ሌላ ነበር እንጂ" አሉና ልጅ እያሉ ስላዩት የርስት ሙግት ሲያወሩልን አመሹ፣ የዛን ቀን ንባቡ እዛው ላይ ቀረ፣ ማንም ቅር አላለውም።

ከዛ ደሞ ክርክሩ አለ። ነርሷ አደፍርስን ጭራሽ አልወደደችውም፣ ይናገራል እንጂ አይሰማም ትላለች፣ ታማሚ ቤት ገብቶ በሽታውን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝ ሰው ነው አለችው። ልብስ ሰፊው በተቃራኒው ነው፣ ያለው ሁሉ እውነት ነው እኮ፣ እውነት ሲነገራቸው የማይወዱት እነሱ ናቸው ይላል። እኔ በመሀል ነበርኩ። ብቻዬን አንብቤው ቢሆን የተማረው ልጅ ትክክል ነው ብዬ ከድኜ ነበር የማስቀምጠው፣ አሁን ግን አባታችን ያነበቧት አሰጋሽ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለች ያን ያህል ቀላል አልሆነልኝም። ርስትን ያህል ነገር በንግግር ብቻ ከሰው ልብ አይወጣም፣ አሁንም አልወጣም።

ለመጪው ዓመት ምን እናንብብ ነው ሌላው ጥያቄዬ። አንዳንዱ ታሪክ ይሁን ይላል፣ አንዳንዱ ልብ ወለድ። ሌላው ችግር መጽሐፉ አንድ ብቻ ሲሆን ነው፣ አዲስ እትም ዋጋው ሰማይ ነክቷል፣ አሮጌው ደሞ አዲስ አበባ አሮጌ ተራ ካልተፈለገ አይገኝም። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

የጓሳ ጎረቤት (መሐል ሜዳ)

ወንድሜ አደፍርስን ጨርሳችሁት ከሆነ አድናቂህ ነኝ፣ እኔ አማርኛ አስተማሪ ሆኜም ሁለቴ ጀምሬ አስቀምጬዋለሁ፣ ጮክ ብዬ ግን አልሞከርኩትም፣ ክረምቱ ሳይወጣ እሞክረዋለሁ።

የኔ የዘንድሮ መጽሐፍ አዲስ አይደለም፣ ፍቅር እስከ መቃብር ነው፣ ያነበብኩትም ከተማሪዎቼ ጋር። በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ መታየት ከጀመረ ወዲህ ልጆቹ ሰብለና በዛብህን በምስል ያውቋቸዋል፣ መጽሐፉን የነካ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ከክፍል በኋላ የፈለገ ይቅር አልኩ፣ ብዙ አልጠበቅኩም፣ ክፍሉ ሞላ። መጽሐፉ አንድ ነው፣ የኔው ነው፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ። ያደረግነው እንዲህ ነው፣ አንድ ልጅ ቤቱ ወስዶ ቀጣዩን ምዕራፍ ያነባል፣ በነጋታው መጽሐፉን ሳይገልጥ ለክፍሉ በቃሉ ይተርካል፣ ከዛ የተመረጠችውን ክፍል ብቻ ጮክ ብለን እናነባለን። ልጅ በቃሉ ሲተርክ የቱን ትቶ የቱን እንደያዘ ስታይ የገባውን ነገር ታውቃለህ፣ ይሄን ፈተና አይነግርህም።

አንዷ ተማሪ ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ የመጣውን ሁሉ በዘር እያሳነሱ ሲመልሱ የሚያሳየውን ተረከችና ስትጨርስ አልተቀመጠችም፣ "መምህር፣ ሰብለን ግን ማን ጠየቃት?" አለች። ክፍሉ ፀጥ አለ። እኛ አካባቢ ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት በምን ምክንያት እንደምትቀር ሁሉም ያውቃል፣ ልጅቷም ታውቃለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት የጎጃም ታሪክ መንዝ ላይ እንዲህ ይናገራል ብሎ ያሰበ ይኖራል? ሌላው ልጅ ደሞ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ የቆጠረ ነው፣ በዛብህ በስለት የተሰጠ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ፣ ስለት ማፍረስ ለወላጅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እሱ ነው ያስረዳን፣ እኔ በየዓመቱ ሳስተምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የማልፈው።

ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውንም በስልክ አሰምቻቸዋለሁ፣ ግን ከመጽሐፉ በኋላ ነው፣ አስቀድማችሁ አታሰሙ፣ ያን ድምፅ አንዴ ከሰሙ በራሳቸው ድምፅ ማንበብ ያፍራሉ።

የቀወት ልጅ (ሸዋ ሮቢት)

እናንተ ጋቢ ትላላችሁ፣ እኛ እዚህ ሮቢት ሙቀቱ በሩን ከፍተን ደጅ ያስቀምጠናል። የኔ ታሪክ ትንሽ ይለያል፣ ካንባቢ ግሩፕ ጋር አይደለም፣ ካባቴ ጋር ነው።

አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፣ በጣም አንባቢ ነበሩ፣ አሁን የማነብላቸው እኔ ነኝ፣ ማታ ከእራት በኋላ። ዘንድሮ የመረጡት የተክለ ጻድቅ መኩሪያን የግራኝ አሕመድ ወረራ ነው፣ ወፍራም ነው፣ እኔ በመጀመሪያ ፊቴን አጨማድጄ ነበር እውነቱን ለመናገር፣ የንጉሥ ስምና የጦርነት ቀን ይሰለቸኛል ብዬ ነበር። ግን አባቴ ዝም ብለው አይሰሙም፣ የይፋት ስም ሲነሳ "ቁሚ እዚያ ላይ" ይሉኛል፣ ተዚያ ወዲያ ያቺ መንገድ በየት በየት እንደምትወጣ፣ ደጋው ተቆላው በየት እንደሚገናኝ ይነግሩኛል። መጽሐፍ ላይ ያለ ቦታ እግራቸው ረግጦት ያውቃል ማለት ነው፣ እኔ ደሞ እዚሁ ተወልጄ አላውቀውም ነበር።

ዋናው የምነግራችሁ ግን ይሄ ነው። ጎረቤታችን አንድ ሼህ አሉ፣ የአባቴ የድሮ ጓደኛ ናቸው፣ አንድ ማታ ሊጠይቁ መጥተው እያነበብኩ ደረሱ፣ የሽምብራ ኩሬው ጦርነት ላይ ነበርኩ፣ 1521 ላይ ዐፄ ልብነ ድንግል የተሸነፉበት። እኔ አፈርኩ፣ ላቁም አላቁም እያልኩ ሳመነታ እሳቸው "አንብቢ ልጄ፣ ምን ቆምሽ" አሉኝና ተቀመጡ። ጨርሼ ስዘጋው የኢማም አሕመድ ወገን የጻፈውም አለ እኮ አሉ፣ ዐረብ ፈቂህ የሚባለው ሰው የጻፈው ፉቱሕ አል ሐበሻ፣ አንዱን ጦርነት እዛኛው በኩል ቆሞ ያየ ነው፣ ልጅ ሆነው ቂርአት ቤት ስለሱ የሰሙትን ነገሩን። ተዛን ቀን ጀምሮ ሁለቱም ይጠብቁኛል። እኔ አነባለሁ፣ አባቴ አንድ ይላሉ ሼህ አንድ ይላሉ፣ አንዳንዴ ይጋጋላሉ፣ ቡና ሲደርስ ይበርዳል። እዚህ ቆላ ውስጥ ባለፉት ዓመታት ያየነውን ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም። ሁለት ሽማግሌዎች ያንን የሚያህል ታሪክ መሀላቸው አስቀምጠው አብረው ሲሰሙት ማየት ለኔ ከመጽሐፉ በላይ ነው፣ መጽሐፉ ባይኖር ግን ደፍሮ የሚያነሳው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጋቢ ደራቢው፣ ታሪክ ይሁን ካላችሁ ይሁን፣ ግን የተለያየ ቤት ያደገ ሰው ጨምሩበት፣ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ሰው ከሆናችሁ ታሪክ ማንበብ መስማማት ብቻ ይሆናል።

ብቻዬን ይሻለኛል (አዲስ አበባ፣ ትውልድ ምንጃር)

ሁላችሁንም አከብራለሁ ግን እኔ አልስማማም። አብሮ የሚነበብ መጽሐፍ አለ፣ አብሮ የማይነበብ አለ። የኔ የዘንድሮ የአዳም ረታ እቴሜቴ ሎሚ ሽታ ነው፣ እስቲ ያንን ጮክ ብላችሁ ለሰው አንብቡት። አንዱ ታሪክ ውስጥ በጎን ያለፈ ሰው ሌላው ውስጥ ባለቤት ሆኖ ይመጣል፣ ወደ ኋላ ተመልሰህ ገጽ ካልገለጥክ አይገናኝልህም፣ ሕፅናዊነት ብሎ የሰየመው አጻጻፍ እኮ ይሄ ነው፣ ወደፊት ብቻ በሚሄድ ድምፅ አይያዝም። አንድ አንቀጽ ላይ ግማሽ ሰዓት መቆየት ሲያምርህ አጠገብህ የሚጠብቅህ ሰው ሲኖር ትቸኩላለህ።

ደሞ ሰው ሲሰማህ ለሰው ታነባለህ። እኔ ያለቀስኩበት ገጽ አለ፣ ሰው ፊት ቢሆን በጉሮሮዬ አንቄ ነበር የማልፈው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ተወያዩ፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ ንባቡን ግን ለሰውየው ተዉለት። የዚሁኑ የአዳምን ግራጫ ቃጭሎችም ለሚፈራው ሰው የምለው ይሄንኑ ነው፣ ማንም ሳይጠብቅህ ቀስ ብለህ ግባበት።

ሦስተኛ ዓመት (ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ)

ከላይ ያሉት ወንድማችን በከፊል ልክ ናቸው፣ አዳም ረታን በግሩፕ ሞክረን ሁሉም የተለያየ ገጽ ላይ ቀርቶ ተበትነናል። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ግን ለግሩፕ የተሠራ ነው የሚመስለው። ዶርም ውስጥ ነው ያነበብነው፣ በ2017 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን እያወሩበት እኛ በአማርኛ አለማንበባችን ደስ አላለንም። አንዷ ቴሌግራም ላይ በድምፅ ቀድታ ትልካለች፣ ሌሎቻችን መብራት ሲጠፋም ጨለማ ውስጥ እናዳምጣለን። መጽሐፉ 1975 ላይ ወጥቶ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡን፣ በዓሉ ግርማ በ1976 የካቲት ላይ ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን አውቀህ ስታነበው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሌላ ክብደት አለው። ደርግ ኤርትራ ላይ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው ነው እየጻፈ ያለው፣ ያየውን ሳይለሳልስ አስቀመጠው፣ ከዛ እሱ የለም። ሁላችንም ከዛ ዘመን በኋላ የተወለድን ነን፣ አንዷ ግን አጎቷ አስመራ ዘምቶ አልተመለሰም፣ እናቷ ጋ ደውላ ስትጠይቅ እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አወሩላት።

ስለ አንድ መጽሐፍ ላነሳኸው፣ ፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል የሚሉህን አትስማ ባይ ነኝ። እኔም ገንዘብ የለኝም፣ ተማሪ ነኝ፣ ግን በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ስካን አድርጎ መበተን ቀጣዩን መጽሐፍ መግደል ነው። አዋጥተን አንድ እንገዛለን፣ ሲያልቅ በዕጣ ለአንዱ ይደርሳል፣ ለሚቀጥለው ደሞ እንደገና እናዋጣለን፣ ለኛ ሠርቷል።

ዳኛቸውን ከወደዳችሁት ደሞ በእንግሊዝኛ የጻፈውም አለ፣ ዘ ሰርቲንዝ ሰን፣ በ1973 በፈረንጆቹ ሃይነማን ያሳተመው። የታመሙ ፊታውራሪ አባታቸውን ለመዳን ዝቋላ ተራራ ስለሚያወጡ ልጆች ነው፣ አጭር ነው፣ አደፍርስን ለጨረሰ ሰው ቀላል ነው።

ጋቢ ደራቢው (ደብረ ብርሃን)

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ኮመንቶቹን ዛሬ ማታ ለሰዎቹ አነበብኩላቸው። የቀወቷ እህታችን፣ የሼሁንና የአባትሽን ሳነብ አባታችን መነጽራቸውን አውልቀው ድገመው አሉኝ፣ ሰላምታቸውን አድርሺልኝ ብለዋል ለሁለቱም። ያልሽውንም ወስደናል፣ አጠገባችን ያሉ አንድ የስልጢ ነጋዴ መጽሐፍ ይወዳሉ፣ ቅዳሜ እንጠራቸዋለን።

ብቻዬን ይሻለኛል፣ ስለ አዳም ያልከው ገብቶኛል፣ እሱን በየቤታችን አንብበን ለውይይት ብቻ እንገናኝበታለን። አደፍርስ ግን ብቻዬን ቢሆን አይነበብልኝም ነበር፣ ሁለቱም ይኑር።

ለመስከረም ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ ነው፣ የመንዝ ሰው ናቸው እሳቸውም፣ አጫጭር ስለሆነ ልጆቻችንንም ይዘን መቀመጥ እንችላለን፣ አባታችን ግማሹን በቃላቸው ያውቁታል። ሁለተኛው የኅሩይ ወልደ ሥላሴ አዲስ ዓለም ነው፣ አወቀ የሚባል ልጅ ፈረንሳይ አገር ተምሮ ሲመጣ በተዝካርና በድግስ ነገር ከዘመዶቹ ጋር የሚጋጨው። ከአደፍርስ በፊት ሰላሳ ምናምን ዓመት ቀድሞ ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሳ መጽሐፍ ነው፣ ጎን ለጎን ብናያቸው የነርሷና የልብስ ሰፊው ክርክር እንደገና ይነሳል፣ ቢነሳ ደስ ይለኛል። ችግሩ አዲስ ዓለም እጃችን ላይ የለም።

የመርሐቤቴ ሰው (ዓለም ከተማ)

ብላቴን ጌታ ኅሩይ የኛ ናቸው፣ መርሐቤቴ ነው የተወለዱት፣ የኛን ሰው መጽሐፍ አጣን ማለት ለኔ አይዋጥልኝም። አንድ አሮጌ ኮፒ አለኝ፣ የአባቴ ነበር፣ ሽፋኑ የለም መጀመሪያ ላይ ያሉ ገጾችም ተበልተዋል ግን ታሪኩ ሙሉ ነው። አልሸጠውም፣ አውሳችኋለሁ። ሰውየው በስደት እንግሊዝ አገር 1931 ላይ እንዳረፉ አገራቸውን ሳያዩ፣ መጽሐፋቸው እንኳ አገር ውስጥ ይዙር እላለሁ እኔ።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። በፖስታ አልልክም፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ለጉዳይ ደብረ ብርሃን ስለምመጣ በእጄ ነው የማስረክበው፣ ስታነቡ ደሞ ቆሎውን ራቅ አድርጉልኝ ቅባት ይነካዋል። ሁለተኛው፣ የተዝካሩን ክፍል የምታነቡበትን ቅዳሜ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ከቻልኩ መጥቼ እዛው አድራለሁ፣ እኛ ቤት አምና ወንድማማቾች የተኳረፉት በዚሁ በተዝካር ነገር ነው፣ ታናሹን ይዤው ብመጣ ቦታ ይኖራል?